የቆቦ ንፋስና የተውሶ ኮርሳ

«መስኮቱን ዝጊው እንጂ ልጄ፣ ንፋስ ይመታናል» አሉኝ ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ።

ባለፈው ኅዳር ከአላማጣ ወደ ቆቦ በሚኒባስ እየመጣሁ ነው። ዋጃን አልፈናል። ሙቀቱ ሰው ይቀቅላል፤ እኛ ደግሞ እርስ በርስ ተጣብቀን አንዱ የሌላውን ላብ እየጠረገ ነው። እሳቸው ግን የሚፈሩት ንፋሱን ነው። እሺ ብዬ መስኮቱን ልስብ ስል የማሽላ እብቅ ሽታ ግጥም ብሎ ገባ። የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ደረቅ ነው፣ ትንሽ ጣፈጥ ይላል፣ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ጉሮሮ ድረስ ይበላል። እጄ መስኮቱ ላይ ቀረ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ትንሽ ብቻ» አልኳቸው። ሻርፓቸውን አፍንጫቸው ላይ ጣል አድርገው ፊታቸውን አዞሩብኝ። ያዙሩ። እኔና ይህ ንፋስ የቆየ ትውውቅ አለን።

ያን ዓመት አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ሰባተኛ ክፍል። ጥቅምት ላይ የስፖርት መምህራችን ቲቸር ዳዊት አራት ሳይክል በአይሱዙ አስጭኖ ትምህርት ቤታችን ግቢ ይዞ ገባ። ተራ ሳይክል እንዳይመስላችሁ። ኮርሳ ነው፣ የውድድር ሳይክል። ጎማው እንደ ጣት የቀጠነ፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠማዘዘ። እኛ ቆቦ ውስጥ የምናውቀው ሳይክል ከኋላው የሽንኩርት ጆንያ የሚጫንበት ነውና «የሚጫንበት የታለ?» ብላ የጠየቀች ልጅ ነበረች። እኔ ነኝ።

ሳይክሎቹ ከወልዲያ በተውሶ የመጡ ናቸው። ቲቸር ዳዊት አራት ሴቶች መርጦ ሲያበቃ ነገሩን ቁርጥ አድርጎ ነገረን። ታኅሣሥ ላይ ቆቦ ውስጥ የዞኑ የሴቶች ውድድር ይደረጋል፤ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጣች ሳይክሏ የራሷ ይሆናል። ያልወጣች የያዘችው ሳይክል እዚያው ቀን፣ በዚያችው አይሱዙ ተጭኖ ይመለሳል። የደረሰኝ ሰማያዊው ነበር፤ አንድ ጎኑ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ይታያል። ያን ቀን ማታ እናቴ ጠርታኝ ሳልሰማት የቀረሁት ለምን እንደሆነ አሁንም አትጠይቁኝ። ግቢያችን ውስጥ ቁጭ ብዬ ጎማውን በጣቴ እያሽከረከርኩ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ነገር የፈለግኩት ዕቃ የለም፣ ወላሂ።

እማ «ሴት ልጅ ሳይክል ላይ ምን ትሠራለች» ትላለች ብዬ መልሴን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። እሷን ያስጨነቃት ግን ሌላ ነው። «ላብሽ ሳይደርቅ ንፋስ ይመታሻል» አለች። በእኛ ቤት ንፋስ ያልሠራው ወንጀል አልነበረም። የጎረቤት ሰው ፊቱ ቢጣመም ንፋስ ነው፤ ወገብ ቢይዝ ንፋስ ነው፤ እኔ ፈተና ብወድቅም መስኮት አጠገብ ስለተቀመጥኩ ነው። እናም ለልምምድ ስወጣ ሁለቱንም ጆሮዬን በጥጥ ትደፍነዋለች፣ ራሴን በሻሽ ትጠፍረዋለች፣ በዚያ ላይ ሂጃቤ፣ በዚያ ላይ ሄልሜቱ። ሄልሜቱ አናቴ ላይ ጉብ ብሎ ይቀራል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ፌጦ በሎሚ ካልጠጣሁ ከበር አልወጣም። ሆዴ እየነደደ ነበር የምማረው።

ልምምዱ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ከትምህርት ስንወጣ። ከቆቦ ተነስተን ወደ ዋጃ በሚወስደው አስፋልት እንሄድና እንመለሳለን። ቲቸር ዳዊት ከኋላ በሞተሩ ይከተለናል።

የመጀመሪያውን ቀን መቼም አልረሳውም። ወደ ዋጃ ስንሄድ እኔ ሰው አልነበርኩም። ፔዳሉን ረገጥ ሳደርገው ሳይክሉ ሽው ይላል፤ የማሽላው ማሳ፣ ግራሩ፣ የአፋር ግመሎች፣ ሁሉም ወደ ኋላ ይሮጣል። ቲቸር «ቀስ» ይለኛል፤ ቀስ ማለት የት አውቄ። ዓለም ያላወቀኝ ልዩ ፍጡር ነኝ ብዬ ደምድሜ ዋጃ ደረስኩ። ከዚያ ዞረን ጉዞ ወደ ቤት ሆነ። ሳይክሉ ተበላሸ! እረግጣለሁ፣ አይሄድም። እቆማለሁ፣ እንደገና እረግጣለሁ፣ ወይ ፍንክች። ወረድኩና ጎንበስ ብዬ ፍሬኑን አየሁ። ቲቸር ሲደርስ «ፍሬኑ ጎማውን ይዞታል» ብዬ ከሰስኩ። የፊት ጎማውን ከፍ አድርጎ በአንድ ጣቱ መታ አደረገው። ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ፤ የሚያቆመው ጠፋ።

«ፍሬን አይደለም፣ ንፋስ ነው» አለኝ።

አላመንኩትም። ንፋስ ከሆነ ስንሄድስ ለምን አልነበረም? ስንሄድ እኮ ጆሮዬ ላይ አንዲት ነገር እንኳ ሽው አላለችም፤ ጸጥ ያለ ነበር። ይህን ስነግረው አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ወደ ዋጃ ያበረረኝ ጉልበቴ ሳይሆን ጀርባዬን የሚገፋኝ ንፋስ እንደሆነ ያስረዳኝ ከሳቁ በኋላ ነው። እንዴት እንዳዘንኩ! አንድ ሰዓት ሙሉ ጀግና ሆኜ ቆይቼ ተመልሼ ያቺው ሀያት ሆንኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው መከራ ነው። የራያ ሜዳ መከለያ የለውም። ንፋሱ ከሮቢት በኩል ተነስቶ፣ ቆቦን አቋርጦ፣ አስፋልቱን ይዞ ፊት ለፊት ይመጣል። አሸዋ ይዞ ይመጣል፣ ፌስታል ይዞ ይመጣል፣ አንዳንዴም የሰው ባርኔጣ። አይሱዙ ከአጠገቤ ሲያልፍ ለአንዲት ቅጽበት ይከልለኝና ተመስገን ስል ካለፈ በኋላ በጥፊ እንደመምታት አድርጎ ይተወኛል። ቲቸር ከኋላ ይጮኻል፤ መሪውን ከታች ያዢ፣ አገጭሽን አውርጂ፣ ማርሹን አቅልዪው፣ አትታገዪው። አትታገዪው ማለት ቀላል ነው ሞተር ላይ ለተቀመጠ። አለቅስ ነበር፤ እንባዬ ግን ወደ ታች አይወርድም፣ ወደ ጆሮዬ ነው የሚሄደው፣ ጥጡን ያርሰዋል።

ከሌሎቹ ሦስት ልጆች አንዷ በሳምንቱ፣ ሁለቱ ከእሷ ትንሽ ቆይተው ተዉት። ሰማያዊው ኮርሳና እኔ ብቻችንን ቀረን።

ኅዳር ሲጋመስ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ማሽላው ታጨደ፣ ተወቃ፣ በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ያሉት አውድማዎች ሰው በሰው ሆኑ። እኔ ከዋጃ ስመለስ፣ በዚያ ንፋስ አንገቴን ደፍቼ ስንፏቀቅ፣ ከአውድማው ፉጨት ይሰማኛል። ረዘም ያለ፣ ቀጠን ያለ ፉጨት። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበላል። መጀመሪያ በእኔ የሚያሾፉ መስሎኝ ነበር፤ ሴት ልጅ ሳይክል ላይ አይተው ነው ብዬ። አንድ ቀን እማን ስጠይቃት የሚያፏጩት ንፋስ ሊጠሩ እንደሆነ እንደ ቀላል ነገር ነገረችኝ። ምርት ከእብቁ የሚጠራው በንፋስ ነው፤ ንፋስ ደከም ሲል ገበሬ ያፏጭለታል፣ እሱም ይመጣል። ቤት ውስጥ ማፏጨት ሰይጣን ይጠራል ብላ የምትቆጣኝ እማ ናት ይህን የምትለኝ!

አሰብኩት። እውነትም እነሱ ሲያፏጩ ንፋሱ ይበረታል። እውነትም የሚበረታው እኔ እዚያ ስደርስ ነው። ታዲያ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ንፋስ የሚጠራብኝ ምን ባደርግ ነው? ከሁሉ የሚበልጠውን ፉጨት የሚያወጣው ደግሞ የገዛ አጎቴ ነበር።

አያ ይማም የእማ ታላቅ ወንድም ነው። አባቴ ገና ሳልጠነክር ስለሞተ የቤታችን ትልቅ ሰው እሱ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ወሬ የማያበዛ፤ ከፊት ጥርሱ አንዱን በሬ በቀንዱ አውልቆበታል። በዚያ ክፍተት የሚያወጣው ፉጨት እስከ ዋጃ ይሰማል ይባል ነበር። አውድማው ከከተማው ብዙም ሳይርቅ ከአስፋልቱ ጥግ ነው። አንድ ቀን ከልምምድ ስመለስ ንዴቴ አናቴ ላይ ወጥቶ ሳይክሉን እየገፋሁ ቀጥ ብዬ ወደ አውድማው ገባሁ።

«ቁሚ» አለኝ ላይዳውን፣ ምርት የሚበትንበትን የእንጨት አካፋ፣ እንደያዘ። «ጫማሽን አውልቂ። እሱስ የማን ነው?»

«የወልዲያ ነው፣ በተውሶ።»

«እንግዲያው ከዚያ ወዲያ አቁሚው።»

የአያ ይማም ሕግ ነው። አውድማ ላይ በጫማ አይገባም፤ የራስ ያልሆነ ዕቃም ምርት አጠገብ አይደርስም፣ በረካ ይወስዳል። ከጎረቤት የተዋሰው በሬ ግን ይገባ ነበር። ይህን አንስቼ ስሞግተው «በሬ ዕቃ ነው እንዴ?» ብሎ ዘጋኝ። ሳይክሉን ግራሩ ሥር አቁሜ፣ በባዶ እግሬ ገለባው ላይ ቆሜ፣ ለምን ንፋስ እንደሚጠራብኝ ጠየቅኩት። ልጠይቀው አስቤ የነበረው በቁጣ ነው፤ የወጣው በለቅሶ ነው። ሰዎቹ ሁሉ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። የቅሉን ውኃ አቀበለኝና እስክጨርስ ጠበቀኝ።

ከዚያ ላይዳውን ምርቱ ውስጥ ሰደደና ወደ ላይ በተነው። ንፋሱ ተቀበለው። እብቁ እንደ ጭስ ተነስቶ በአስፋልቱ ላይ ወደ ዋጃ ሄደ፤ ቀዩ ፍሬ ግን ሻሻሻ እያለ እዚያው እግራችን ሥር ወረደ።

«አየሽ? የሄደው እብቁ ነው» አለኝ። «ፍሬውን ምንም አላለውም።»

እሱ ሊለኝ የፈለገው እንግዲህ ንፋሱ ለእህሉ እንደተጠራና እኔን እንደማይፈልገኝ ነው። እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። ንፋስ ቀላል ነገር ይወስዳል፤ ከባድ ነገር አይወስድም። እስከዛሬ የተቸገርኩት ቀላል ስለሆንኩ ነው! እንዴት እስከዛሬ አልገባኝም? የውድድር ማሊያዬ ከኋላ ሦስት ኪስ አለው። አያ ይማምን ማሽላ ስጠኝ አልኩት። ልትቆረጥም ነው ብሎ «ዝገኚ» አለኝ። ሦስቱንም ኪስ ጢም አድርጌ ሞላሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወገቤ ላይ ማሽላ አስሬ ነው የምነዳው። ማሊያው ወደ ኋላ ይጎትተኛል፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ጀርባዬን ይደልቀኛል። ግን ልቤ ሞላ። በቃ ፍሬ ሆኛለሁ። ንፋሱ ሲመጣ ድሮ እንደማደርገው አልሸሽም፤ ጎንበስ እልና አሁን የታባክ ትወስደኛለህ እለዋለሁ። እግሬ ተቃጠለ፣ ግን አልቆምኩም። ትላንት ወርጄ የገፋሁበትን ቦታ ዛሬ አልፌዋለሁ፤ ዛሬ የቆምኩበትን ነገ።

ቲቸር ዳዊት ነገሩን የደረሰበት በርግቦች ነው። በሞተሩ ከኋላ ሲከተለኝ የርግብ መንጋ አስፋልቱ ላይ ያርፋል፤ ሞተሩ ሲደርስ ይነሳል፣ እንደገና ያርፋል። ምን ነካቸው ብሎ ወርዶ ሲያይ የማሽላ ፍሬ ነው፣ ጠብ ጠብ እያለ መንገዱን ሙሉ ተዘርቷል። አስቆመኝና የማሊያዬን ኪስ በእጁ መዘነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ማሽላ።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ንፋስ እንዳይወስደኝ።»

የመጀመሪያው ቀን ሳቁ ይመጣል ብዬ አንገቴን ቀብሬ ጠበቅኩ። አልሳቀም። ጢሙን እያሻሸ «በይ ያዢው። የውድድሩ ቀን ግን እኔ ራሴ ነኝ የማራግፈው» አለኝ። ቀዳዳውን ኪስ አሰፊው ብሎም አዘዘኝ። እማ ሰፋችው፤ ማሽላው ከንፋስ እንደሚጠብቅ ስትሰማ ደስ ብሏት ድርብ አድርጋ ነው የሰፋችው።

አንድ ቀን ታኅሣሥ ላይ፣ ንፋሱ ያበደ ቀን፣ ጥቁር ፌስታል መጥቶ ፊቴ ላይ ልጥፍ አለ። ሳልወርድ፣ ሳልቆም፣ በአንድ እጄ ላጥ አድርጌ ጣልኩትና ቀጠልኩ። ትንሽ ከሄድኩ በኋላ ነው የገባኝ። ካለቀስኩ ሰንብቻለሁ። ጥጡንም ከጆሮዬ አውጥቼ ከጣልኩ ሰንብቻለሁ፣ እማ አታውቅም። ንፋሱን መስማት ፈልጌ ነው። ሲበረታና ሲደክም ድምፁ ይለያያል፤ ሊበረታ ሲል ገና ከአገዳው ክምር ላይ ይሰማኛል፣ እኔም ቀድሜው ጎንበስ እላለሁ። ወደድኩት፣ ምን አደርጋለሁ። ጠላቴ ነበር፣ ወደድኩት።

እንዲህ ከሆንኩ በኋላ ነው ቲቸር የውድድሩን ሰዓት የነገረኝ። ጠዋት። ከጎብዬም፣ ከወልዲያም፣ ከደጋውም የሚመጡት ልጆች በንፋስ እንዳይቸገሩ ገና ሳይነሳ፣ አየሩ ጸጥ እንዳለ ይካሄዳል። ቲቸር የነገረኝ ፊቱን አዙሮ ነው። ሁለታችንም እናውቃለን፤ ንፋስ በሌለበት እኔ ፈጣን አይደለሁም። የወልዲያ ልጆች እግራቸው ረጅም ነው፣ ሁለት ሦስት ዓመት ነድተዋል፤ በጸጥታ ከሆነ ሦስተኛ ቀርቶ አምስተኛም አልሆንም። ሰማያዊው ኮርሳ ሄዷል ማለት ነው።

ዋዜማው ዕለት ከሰዓት ወደ አያ ይማም አውድማ ሄድኩ። ሳይነገረኝ ሳይክሉን ግራሩ ሥር አቆምኩ፣ ጫማዬን አወለቅኩ፣ «አላህ በረካ ያድርገው» አልኩ። «አሚን» አሉ ሁሉም።

«አያ፣ ነገ ጠዋት ንፋስ ጥራልኝ» አልኩት።

ላይዳውን ተደግፎ አየኝ። «አትጥራብኝ ብለሽ ያለቀስሽው አንቺ አይደለሽም?»

«እኔ ነኝ። አሁን ግን ከሌለ ሳይክሉን ይወስዱብኛል።»

ወደ ሮቢት አቅጣጫ ረጅም ጊዜ አየ። ጠዋት ጠዋት ንፋሱ እንደሚተኛ፣ እሱም ራሱ ከረፋድ በፊት ላይዳ እንደማያነሳ ነገረኝ። መጥራት የእኛ ነው፣ መላክ የአላህ ነው አለ። ከዚያ ወጣ ብሎ ወደሚቀጥለው አውድማ ሄደ፤ ከሰዎቹ ጋር ሲነጋገር በሩቁ አየሁት። ምን እንዳላቸው አልጠየቅኩም።

በነጋታው ቆቦ ስታዲየም እንዳላት ከተማ ሆነች። አስፋልቱ ዳር ሰው ተኮልኩሏል፣ ባጃጆች ጥሩምባ ይነፋሉ። አንዲት ቅጠል አትንቀሳቀስም። ቲቸር ዳዊት ቃሉን ጠበቀ፤ ኪሶቼን አንድ በአንድ ገልብጦ ማሽላውን መሬት ላይ አራገፈው፣ የሰፈሩ ዶሮዎች ተሻሙበት። ሳይክሉ ላይ ስወጣ ደነገጥኩ። ክብደት የለኝም፤ ልነሳ ነው የመሰለኝ። ከአጠገቤ ቀይ ሄልሜት ያደረገች ረጅም የወልዲያ ልጅ ነበረች፤ ጉልበቷ የእኔን ወገብ ያክላል። አይሱዙዋ ከተሰለፍንበት ጀርባ፣ ኋላዋ ተከፍቶ፣ ቆማለች። ላለማየት ሞከርኩ።

ወደ ዋጃ የተጓዝነው ተሰባስበን ነው። ባለ ቀይ ሄልሜቷ ልጅ ፊት ናት፣ እኔ መሐል ነኝ፣ ማንም ማንንም ጥሎ አልሄደም። ቲቸር እንዳለኝ ከሰው ጀርባ ተደብቄ ጉልበቴን ቆጠብኩ። በአያ ይማም አውድማ በኩል ስናልፍ ሰዎቹ ላይዳቸውን መሬት ላይ ተክለው ቆመዋል። ዋጃ መሐል አስፋልት ላይ የቆመ በርሜል ነበር፤ እሱን ዞረን ተመለስን። አሁንም ጸጥ ያለ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ እንደምነዳው እያሰብኩ መሪውን አጥብቄ ያዝኩት።

ያኔ ነው ከግራ በኩል አንድ ፉጨት የሰማሁት። ረዘም ያለ። ትንሽ ሄድን፤ ከቀኝ በኩል ሌላ ተቀበለው። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉ አውድማዎች ሁሉ፣ በዚያ ሰዓት ሥራ የሌላቸው ሰዎች፣ ፊታቸውን ወደ ሮቢት አዙረው ያፏጫሉ። ሽማግሌው ያፏጫል፣ ጎረምሳው ያፏጫል። አንዲት ሴትዮም በሻርፓቸው አፋቸውን ከለል አድርገው ሲያፏጩ አይቻለሁ።

ቀይዋ ልጅ ዞር ብላ «ምን አድርገናቸው ነው የሚያፏጩብን?» አለችኝ፣ ተናዳለች። ሳቄ መጣ። እኔ የማውቀውን በዚያች ቅጽበት እንዴት ላስረዳት? በዚያ ሁሉ ፉጨት መሐል ደግሞ አንዱን ለየሁት። በጥርስ ክፍተት የሚወጣውን።

ከሩቅ አየሁት። አያ ይማም ምርቱን በላይዳው ወደ ላይ በተነ። እብቁ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ቀጥ ብሎ ወረደ። እንደገና በተነ። ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ከዚያ ጫፉ ወደ እኛ ጎንበስ አለ። ወዲያው የአገዳው ክምር ሹሹሹ አለ፣ የእብቁ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፣ ከዚያ ያ የማውቀው፣ ያ የማውቀው እጅ ደረቴን ገፋኝ።

መጣ። አልሐምዱሊላህ፣ መጣ!

ልጆቹ ሁሉ እኔ የመጀመሪያው ቀን የሆንኩትን ሆኑ። አንዷ ቀና አለች፣ አንዷ ፍሬኗን ጎንበስ ብላ አየች። ወላሂ አየች! ቀይዋ ልጅ ከባዱን ማርሽ ይዛ ቆማ መርገጥ ጀመረች፤ ንፋሱ እንደ ሸራ ተቀበላት። እኔ አገጬን አወረድኩ፣ መሪውን ከታች ያዝኩ፣ ማርሹን አቀለልኩ። ወገቤ ላይ ማሽላ የለም፣ ጆሮዬ ላይ ጥጥ የለም። እግሬ ሳምንታት ሙሉ ሲጎትተው የነበረው ሸክም ወርዶለት ራሱን ችሎ ይሽከረከራል። በአጠገቧ ሳልፍ አንድ ጊዜ ብቻ አየኋት፤ ከዚያ በኋላ ከፊቴ ከመንገዱ በቀር ምንም አልነበረም። በአውድማው ሳልፍ አያ ይማም ቀና አላለም። በሁለት እጁ ይበትናል፣ ንፋሱ ያመጣው ከላዬ ይዘንባል፣ ፊቴ ሁሉ እብቅ ሆነ።

ቆቦ መግቢያ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት እማን ነው። ንፋስ ፈርታ መስኮት የምትደፍነው እማ መሐል መንገድ ቆማ፣ ሻርፓዋ ከራሷ ወልቆ ትከሻዋ ላይ እየተውለበለበ፣ ፀጉሯ ተበትኖ፣ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ እልል ትላለች። አንደኛ ነበርኩ። ሁለተኛዋ እስክትደርስ ወርጄ፣ ውኃ ጠጥቼ፣ እማ ላቤን በቀሚሷ ጠርጋልኝ፣ «እሰይ የኔ ልጅ፣ እሰይ» ብላኝ ጨርሳለች። እንዴት ደስ አለኝ መሰላችሁ! ደረቴ ውስጥ ቦታ ጠበበው፣ የማደርገው ጠፋኝና የቲቸር ዳዊትን እጅ ነከስኩት። ምልክቱን ዛሬም ያሳያል።

በኋላ ጫኞቹ ሳይክል እየሰበሰቡ ወደ አይሱዙዋ ሲያወጡ አንዱ የእኔንም መሪ ያዘ። ቲቸር ዳዊት ከወዲያ ማዶ «ያን ተወው፣ የሷ ነው» አለው። ሰውየው ለቀቀው።

ቤት አልገባሁም። ሳይክሌን አዙሬ ወደ አውድማው ሄድኩ። አሁን ንፋሱ ጀርባዬ ላይ ነው። አንዴም ፔዳል አልረገጥኩም፤ ጆሮዬ ላይ ጸጥ ብሏል፣ ይዞኝ ብቻ ይሄዳል። አያ ይማም ምርቱን አጥርቶ ጨርሶ፣ ቀዩን ክምር ዙሪያውን እየጠረገ ነበር። ቅንድቡ ሁሉ እብቅ ነው። ከአስፋልቱ ወርጄ ጫማዬን አወለቅኩ፣ እንደ ልማዴ ሳይክሉን ወደ ግራሩ መግፋት ጀመርኩ።

«ያ የማን ነው?» አለ ቀና ሳይል።

«የኔ ነው፣ አያ።»

መጥረጉን አቆመ። ሳይክሉን ከፊት ጎማው እስከ ኋላው አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ፣ ያቺ የጥርሱ ክፍተት ታየች።

«እንግዲያው ጎማውን አራግፊና አስገቢው» አለኝ።